ማንዴላን ያሠለጠኑት የፖሊስ መኮንን

የፖሊስ መኮንን ከአገሩ ወጥቶ የሌላ አገር ፖሊስ ሲያማክርና ሲያሠለጥን ማየት ዛሬ ብርቅ አይደለም። የእኛም መኮንኖች የተባበሩት መንግሥታትና የአፍሪካ ኅብረት በጋራ ባሰማሩት ተልዕኮ ሥር ዳርፉር ድረስ ሄደው አገልግለዋል። ለረጅም ዘመን ግን ተቀባዮች ነበርን። በ1934 ዓ.ም. ፖሊስ በአዋጅ ሲቋቋም እንግሊዛውያን አማካሪዎች ነበሩበት። በአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ስዊድናውያን አስተምረዋል፣ ፈጥኖ ደራሹን እስራኤላውያን አሠልጥነዋል፣ አሜሪካኖችም በምክርና በመሣሪያ ረድተዋል።

በዚህ ሁሉ የመቀበል ዘመን መካከል ግን ኢትዮጵያዊ የፖሊስ መኮንን አሠልጣኝ፣ ባዕድ ደግሞ ሠልጣኝ የሆነበት አንድ ክረምት አለ። ሠልጣኙ ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ። ከአሠልጣኞቻቸው ዋነኛው በወቅቱ ኮሎኔል፣ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ታደሰ ብሩ ናቸው። ስለ ሠልጣኙ ዓለም ሁሉ ያውቃል። ስለ አሠልጣኙ ግን እኛው ራሳችን የምናውቀው ግማሹን ነው። አንዱ ወገን ማንዴላን ማሠልጠናቸውን ይዞ ሌላውን ይዘላል። ሌላው ወገን ደግሞ መታሰራቸውንና መገደላቸውን ይዞ የዘውዱ ታማኝ መኮንን እንደነበሩ ይረሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ካላነበብናቸው የሰውዬው ሕይወት ምንም አያስተምረንም።

ታደሰ ብሩ የሰላሌ ሰው ነበሩ። ልጅነታቸውን የበላው የጣሊያን ወረራ ነው። አባታቸውን በጦርነቱ አጡ። እሳቸውም ገና ጎረምሳ ሳሉ በጠላት እጅ ወድቀው ሞቃዲሾ ወርደው ታሰሩ። ጣሊያን ሲሸነፍ ከእስር ወጡና ወታደርነትን ያዙ። በክብር ዘበኛ ካገለገሉ በኋላ ወደ ፖሊስ ተዛውረው የፈጥኖ ደራሹ አዛዥ ሆኑ። በልጅነቱ የእስር ቤትን ግንብ ከውስጥ ያየ ሰው አድጎ የሕግ አስከባሪ ሆነ ማለት ነው። ግንቡን ኋላም ደግመው ማየታቸው አልቀረም።

ስማቸው ጎልቶ የወጣው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ነው። እንደሚታወቀው የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ውጭ አገር ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የፖሊስ ሠራዊት አዛዡ ጄኔራል ጽጌ ዲቡም ከሞካሪዎቹ ጋር ቆሙ። እንግዲህ ኮሎኔል ታደሰ የገቡበትን አጣብቂኝ ማሰብ ነው። የቅርብ አለቃቸው በአንድ ወገን፣ ቃለ መሐላ የፈጸሙለት ዘውድ በሌላ ወገን ሆኑ። ኮሎኔሉ ዘውዱን መረጡ። ሙከራውን በማክሸፍ ረገድ የነበራቸው ድርሻ ከፍተኛ በመሆኑም በቤተ መንግሥት ዘንድ የታመኑ መኮንን ሆኑ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ታደሰ ብሩ ሥርዓቱን ገና ከጅምሩ የጠሉ ሰው አልነበሩም፣ በክፉ ቀን ያዳኑት ሰው ናቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በጥር መጨረሻ 1954 ዓ.ም. ማንዴላ አዲስ አበባ ገቡ። ደቡብ አፍሪካን የለቀቁት በድብቅ ነው። የመጡትም የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄዎች ላደረጉት ጉባኤ ነበር። ከኻርቱም ወደ አዲስ አበባ በተሳፈሩበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ አብራሪው ጥቁር መሆኑን ሲያዩ ለአፍታ መደንገጣቸውን፣ ወዲያው ደግሞ በድንጋጤያቸው ራሳቸውን መታዘባቸውን በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል። ከጉባኤው በኋላ ብዙ የአፍሪካ አገሮችን ዞሩ፣ ለንደንም ደረሱ። ክረምቱ ሲገባ ለስድስት ወር ወታደራዊ ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ኢትዮጵያ ዴቪድ ሞትሳማይ በሚል ስም ፓስፖርት ሰጥታቸው ነበር።

ሥልጠናው የተሰጠው ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሹ ሠፈር ነው። የዕለት ልምምዱን የሚመሩት መቶ አለቃ ወንዶኒ በፍቃዱ ነበሩ። ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ልምምድ፣ ከምሳ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ደግሞ ሌላ ልምምድ ነበር። ሲመሽ ኮሎኔል ታደሰ ራሳቸው መጥተው ስለ ጦር ሳይንስ ያስተምራሉ። ማንዴላ በጠመንጃና በሽጉጥ መተኮስ፣ ሞርታር መጠቀም፣ ፈንጂ መሥራትና ከፈንጂ መጠንቀቅ፣ ስንቅና መሣሪያ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝ ተማሩ። ያን ጊዜ የ44 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ሙያቸውም ጥብቅና ነው። ጠበቃን ወታደር የማድረጉ ሥራ በፖሊስ መኮንኖች እጅ መውደቁ በሕግ ትምህርት ቤት ላለፈ ሰው የሚገርም አጋጣሚ ነው።

ከአሠልጣኞቹና ከጠባቂዎቹ መካከል ጉታ ዲንቃ የተባሉ ሌላ የፖሊስ ባልደረባም ነበሩ። እኚህ ሰው በስተርጅናቸው ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት፣ ማንዴላን እንዲገድሉ በገንዘብ ተደልለው ነበር። ገንዘቡን አልተቀበሉም፣ ነገሩንም ለአለቆቻቸው አጋለጡ። ጥሩ ፖሊስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማምጣት ይከብደኛል።

የስድስት ወሩ ሥልጠና ግን አልተፈጸመም። ሳምንታት እንደሄደ ትግሉ ስለሚፈልጋቸው እንዲመለሱ ከአገራቸው መልእክት ደረሰ። ኮሎኔል ታደሰ ወዲያው ወደ ኻርቱም የሚሄዱበትን አውሮፕላን አመቻቹ። ሲሰናበቱም አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጧቸው። ማንዴላ ያን ሽጉጥ ጆሐንስበርግ አጠገብ በሚገኘው የሊሊስሊፍ እርሻ ቀበሩት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ቢፈለግም አልተገኘም። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ማንዴላ በመኪና ሲጓዙ ተያዙ። መጀመሪያ ሥራ ማቆም አድማ በማነሳሳትና ያለ ፓስፖርት ከአገር በመውጣት 5 ዓመት ተፈረደባቸው። ቀጥሎ በሪቮኒያ ችሎት ሰኔ 5 ቀን 1956 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተወሰነባቸው።

ሠልጣኙን እዚያው እስር ቤት ትተን ወደ አሠልጣኙ እንመለስ። እነዚያ ዓመታት ለታደሰ ብሩ የሹመትና የሽልማት ዓመታት ነበሩ። ብርጋዴር ጄኔራል ሆኑ፣ በፖሊስ ሠራዊት ምክትል አዛዥነት ደረጃ ላይ ተቀመጡ፣ በብሔራዊ ጦርም ከፍተኛ ኃላፊነት ተሰጣቸው። ከሁሉም በላይ ሕይወታቸውን የለወጠው ግን መሣሪያ የሌለበት ሹመት ነው። መሃይምነትን ለማጥፋት የተቋቋመውን የፊደል ሠራዊት በሊቀመንበርነት እንዲመሩ ተደረገ።

ጄኔራሉ ይህን ሥራ እንደ ወታደር ነው የያዙት። ትምህርት ቤት በየገጠሩ ይከፈት፣ ገበሬው ፊደል ይቁጠር እያሉ ይወተውቱ ጀመር። በሰፊው የሚነገረው ታሪክ ከዚህ ላይ ይነሳል። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጄኔራሉን ኦሮሞ አይደሉም ብለው በማሰብ፣ ኦሮሞውን ለማስተማር ይህን ያህል መቸኮል እንደማያስፈልግ መከሯቸው ይባላል። በሁለቱ መካከል በትክክል የተባለውን የሚመሰክርልን ሦስተኛ ሰው የለንም። ጄኔራሉ ግን ከዚያ በኋላ የቀድሞው ሰው አለመሆናቸውን ተግባራቸው ይመሰክራል። በ1956 ዓ.ም. ገደማ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን ተቀላቀሉ። ሠልጣኛቸው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ በሆኑበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ሜጫና ቱለማ በ1955 ዓ.ም. በኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳና በጓደኞቻቸው የተመሠረተ ማኅበር ነው። የሚያነሳው ጥያቄ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ነበር። ሕገ ወጥ ድርጅት አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመሰብሰብን መብት ያውቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም በዝርዝር ደንግጎ ነበር። መሥራቾቹም ሕጉን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ኃይለ ማርያም ገመዳ የሕግ ባለሙያ ነበሩ።

ታዋቂው ጄኔራል ሲገቡበት ማኅበሩ ተስፋፋ። በየአውራጃው በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ ሕዝቡ በሺዎች እየወጣ ይሰማቸው ጀመር። በ1958 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ ኢተያ ላይ የተደረገው ስብሰባ መንግሥትን በጣም አስደነገጠ። በ1959 ዓ.ም. መግቢያ ወራት አዲስ አበባ በሚገኘው ሲኒማ ኢምፓየር ቦምብ ፈነዳ። ጣት የተቀሰረው በማኅበሩ አባላት ላይ ነው። ጄኔራሉና ሌሎች መሪዎች ተያዙ፣ ማኅበሩም ታገደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሕግ ዓይን ማየት የግድ ይላል። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የታወጀው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ማንዴላ ኮልፌ በሠለጠኑበት ዓመት መሆኑ ነው። የዚህ ሕግ 31ኛ አንቀጽ ፖሊስ ተጠርጣሪን ሲመረምር ማስፈራራት፣ መደለልና ሌላ ተገቢ ያልሆነ ዘዴ መጠቀም እንደማይችል በግልጽ ይከለክላል። ሕጉ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ኃይለ ማርያም ገመዳ በምርመራ በደረሰባቸው ድብደባ ሳቢያ ሞቱ። የማኅበራት ሕግን ለአባላቱ ያስረዳ የነበረው ባለሙያ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ሊጠብቀው ሲገባ አልጠበቀውም። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በሞት ተቀጡ። በጄኔራል ታደሰም ላይ ሞት ተፈርዶ በኋላ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተቀየረ። ሐረርጌ ውስጥ ገለምሶ ወርደውም ተጋዙ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ጄኔራሉ ቃለ መሐላ የፈጸሙ የፖሊስ መኮንን አልነበሩም ወይ? መንግሥትን በኃይል ለመለወጥ ማሴራቸው እውነት ከሆነ መከሰሳቸው ምን ይገርማል? ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ፊልም በሚያይ ሰላማዊ ሰው መካከል ቦምብ ማፈንዳትስ በየትኛው የትግል ሕግ ይፈቀዳል? በበኩሌ ጥያቄው ትክክል ነው እላለሁ። የሕግ ሰው በመሆኔም ወንጀል ሠርቷል የተባለ ሰው መከሰሱን አልቃወምም። ነገር ግን አንድ መንግሥት ሰውን ከሶ መርታት የሚችለው በማስረጃ ነው። ማስረጃው ደግሞ ከተደበደበ ሰው አፍ የወጣ ከሆነ ጥፋተኛውን ከንጹሑ ለይቶ የሚያወጣ ወንፊት የለም። ጄኔራሉ ጥፋተኛ ቢሆኑ እንኳ በዚህ መንገድ የተገኘ ፍርድ ጥፋታቸውን አያስረዳም፣ ንጹሕ ቢሆኑም ንጽሕናቸውን አይመልስም። ዛሬም ድረስ ስለዚያ ችሎት አንድ ዓይነት አስተያየት ሳይኖረን የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። በግዳጅ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ19ኛው አንቀጽ ያሰፈረው እንዲህ ያለ ታሪክ ስላለን ነው።

የ1966ቱ አብዮት ጄኔራሉን ከእስር አወጣቸው። ከደርግ ጋር ግን አልተግባቡም። ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሣ ጋር ሆነው ወደ ገጠር ወጡ። ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ ያወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ጭሰኛ በደስታ የዘለለበት ሳምንት ነበር። ጄኔራል ታደሰና ኮሎኔል ኃይሉ ግን ተይዘው መጋቢት 10 ቀን 1967 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተረሸኑ። ገበሬው የባለመሬቱ አገልጋይ መሆኑ የቀረበትን አዋጅ የገበሬው ተሟጋች ጄኔራል በሕይወት ያዩት ለ15 ቀናት ብቻ ነው።

ንጉሡ ያሰሯቸውን ሰው ደርግ መግደሉ ስለ ሁለቱም መንግሥታት የሚናገረው አለ። አንዱ ዘውዳዊ፣ ሌላው አብዮታዊ ነኝ ቢልም ሁለቱም ጥያቄ የሚያነሳ መኮንንን የሚያስተናግዱበት መንገድ አልነበራቸውም። ሠልጣኙ ግን 27 ዓመት ታስረው የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ወጡ። በዚያው ዓመት ክረምት አዲስ አበባ መጡ። ግንቦት 2 ቀን 1986 ዓ.ም. የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሁለቱም የዕድሜ ልክ ፍርደኞች ነበሩ፣ ሁለቱም ከእስር ወጡ። አንዱ ከእስር ወጥተው ቤተ መንግሥት ገቡ፣ ሌላው ከእስር ወጥተው መቃብር ወረዱ። ይህን የምለው የአፓርታይድን ፍርድ ቤት ለማመስገን አይደለም። አፓርታይድ ብዙዎችን ያለ ፍርድ በየእስር ቤቱ ገድሏል። ሆኖም ማንዴላን ዓለም ያወቃቸው ከጠበቆቻቸው ጋር ሆነው በችሎት ስለቆሙና ስለተናገሩ ነው። የእኛ ጄኔራል በመጨረሻ ሰዓታቸው ምን እንዳሉ ለትውልድ የሚያቆይ የተከበረ ችሎት አላገኙም።

ይህን ታሪክ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሚሴ ላይ አንስተነው ነበር። ለሙያ ጉዳይ ሄጄ ከሁለት ዐቃቤ ሕጎችና ከአንድ ጡረታ የወጡ ሻምበል ጋር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ከሚሴ በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በቦርከና ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማም ነች። ባቲ፣ ዳዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና ደዌ ሐረዋ በሥሯ ናቸው። እዚያ ሰው በአንድ ወሬ ውስጥ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ሳያስበው ይመላለሳል። ሻምበሉ በዘመናቸው ከውጭ አሠልጣኞች ጭምር የተማሩ ሰው ናቸው። ስለ ጄኔራል ታደሰ ስናወራ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና አንድ ነገር ጠየቁን። ፖሊስ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ይዞ ሲመጣ፣ ባላገሩ ለምን ከበፊቱ ይልቅ አያምነውም?

የሻምበሉ ጥያቄ ከጄኔራሉ ሕይወት ጋር የሚገናኝ ነው። ጄኔራሉ ይጮኹለት የነበረው የቋንቋና የትምህርት ጉዳይ በከሚሴ በወረቀት መልስ አግኝቷል። በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ለኦሮሞ፣ ለአዊና ለኽምራ ሕዝቦች የብሔረሰብ አስተዳደርና ምክር ቤት ሰጥቷል። በከሚሴ ልጆች በኦሮምኛ ይማራሉ፣ ባለጉዳይም በቋንቋው ይዳኛል። በ1958 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ያሳስር ነበር። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ወረቀቱ ብቻውን ግን ደም አላቆመም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ፣ በዚያው በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደርና በሰሜን ሸዋ አዋሳኝ ላይ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤትና ሱቅ ተቃጥሏል። ከሁለቱም ወገን ሰው ፖሊስን ይፈራ የነበረው ተኩስ አያውቅም ብሎ አይደለም። የሚፈራው ወደ ማን እንደሚተኩስ ስለማያውቅ ነው። ፖሊሱ የእኔ ወገን ነው ወይስ የዚያኛው? መርማሪው ቃሌን እንዳልኩት ይጽፈዋል ወይስ ይደበድበኛል? እነዚህ ጥያቄዎች ባልተመለሱበት አገር ሥልጠና ቢጨመር የሚጨምረው ፍርሃትን ነው።

የጄኔራል ታደሰን ሕይወት ከፖሊስ ሥልጠና ጉዳይ ጋር ያያዝኩትም ለዚህ ነው። ሥልጠና እጅን ያስተካክላል። እጁ ማንን እንደሚያገለግል የሚወስነው ግን ሕጉና ሕጉን የሚያስፈጽመው መንግሥት ነው። ኮልፌ ላይ ያ ሁሉ የጦር ዕውቀት ነበር፤ ከተማው ውስጥ ግን አንድ የሕግ ባለሙያ በምርመራ እንዳይሞት የሚያደርግ ሥርዓት አልነበረም። አሠልጣኙን ያሠሩት መርማሪዎችም ሠልጥነው የወጡ ፖሊሶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ምናልባት እሳቸው ራሳቸው ያዘዟቸው ይሆናሉ።

ዛሬ ባሕር ተሻግረው ሌላውን ለማሠልጠን የሚሄዱ መኮንኖቻችንም ሆኑ ሊያሠለጥኑን የሚመጡ እንግዶች ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ሊይዙ ይገባል። ሥልጠናው የሚጀምረው ከተኩስ ሜዳው ሳይሆን ከምርመራ ክፍሉ መሆን አለበት። የአንድ ፖሊስ ሠራዊት ደረጃ የሚለካው ባዕድ እንግዳን ምን ያህል በሚገባ እንዳስተማረ ሳይሆን የራሱ ዜጋ በእጁ ሲወድቅ ምን እንደሚደርስበት በማየት ነው። ጄኔራል ታደሰ ብሩ የመጀመሪያውን ፈተና በክብር አልፈዋል። በሁለተኛው የወደቁት እሳቸው ሳይሆኑ ያገለገሏቸው መንግሥታት ናቸው። ከሚሴ ላይ ሻምበሉ የጠየቁት ጥያቄ ገና መልስ አላገኘም፤ መልሱንም ከሌላ አገር ማስመጣት አይቻልም።